ሽምግልና በትንሿ ከተማ

ጉዳዩ በጠቅላላ ያስወጣኝ አምስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ዶላር ነው። የሁለት ሰው የአውሮፕላን ቲኬት፣ የሦስት ሌሊት ሆቴል፣ የኤግዚቢሽኑ መግቢያ፣ ሱቄ ተዘግቶ የከረመባቸው አምስት ቀናት፣ ስመለስ ደግሞ ለቀኝ ጉልበቴ የገዛሁት ቅባት። የልጁ አባት የኔን ቲኬት ልክፈል ብሎ ነበር። እምቢ አልኩት። ሽማግሌ በላኪው ገንዘብ ከሄደ ሽማግሌ አይደለም፣ ሹፌር ነው። ሹፌር ደግሞ እሱ ራሱ ነው፤ ሃያ ዓመት ትራክ ነድቷል።

እኔ ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ ውስጥ ያገለገለ ጎማና ቸርኬ እሸጣለሁ። ትምህርቴ ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን የተማርኩት መርካቶ፣ መንገድ ላይ ነው። ልጁ የምለው የክርስትና ልጄ ነው። ወላጆቹ ሌክ ሃይላንድስ አፓርታማ ተከራይተው በነበረ ጊዜ ተወለደ፣ ሳክሲ ቤት ሲገዙ አደገ፣ አሁን ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አማርኛ ይሰማል። ሲናገር ግን እንደ ተከራየ መኪና በጥንቃቄ ነው የሚነዳው።

ልጅቷ ጃፓናዊት ናት። ፕላኖ ሦስት ዓመት ቢሮ ስትሠራ ተዋወቁ፤ ኮንትራቷ ሲያልቅ አገሯ ተመለሰች። ልጁ ላግባሽ አላት። እሷም፣ «አባቴ ቃሉን ካልሰጠ አላገባም» አለችው። እናቷ በሕይወት የሉም፤ አባቷ ብቻቸውን ናቸው ያሳደጓት።

አባት ቃሉን እንዲሰጥ እኛ የምናውቀው መንገድ አንድ ነው። ሽማግሌ ይላካል። ሳክሲ ሳሎን ውስጥ ተቀመጥንና ተመካከርን። በወጉ ሦስት ሽማግሌ ነበር የሚያስፈልገው። የቲኬቱ ዋጋ ሲታይ አንድ ሆነ።

«ብቻውን ሄዶ ምን ይባላል?» አለች እናቱ።

«ዋጋውን ያየ ሰው ምንም አይልም» አልኳት።

«እኔ አብሬው ልሂድ ይሆን?» አለ አባትየው።

ሁላችንም አፈጠጥንበት። አባት ራሱ ሄዶ ለልጁ ሚስት ሲለምን የት ታይቷል? አንገቱን ሰብሮ ቡናውን ጠጣ። ሽማግሌው እኔ ሆንኩ። ልጁ አስተርጓሚዬ ሆኖ እንዲሄድ ተወሰነ፤ ሙሽራ ለራሱ ሽምግልና ሲያስተረጉም እንዲያውም የባሰ ነውር ነው፣ ግን ሌላ ሰው አልነበረንም።

አንድ ነገር ግን ነበር። ልጁ ከቢሮ ሥራው ከተቀነሰ ሰባት ወር ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ እኔ ሱቅ ጎማ ይፈታል፣ ይገጥማል። ወላጆቹ ያውቃሉ። ልጅቷ አታውቅም። ማታ ሱቁን ስንዘጋ ሸሚዝ ይለብስና የኋላ ክፍሌ ገብቶ፣ ነጩን ግድግዳ ተደግፎ በቪዲዮ ያናግራታል። ከወገቡ በላይ ኢንጂነር ነው፤ ከወገቡ በታች ቱታ።

አውሮፕላኑ ከዳላስ ተነስቶ ቀበቶ እሰሩ የሚለው መብራት ሲጠፋ ጠጋ አለኝ።

«ጋሼ፣ ሶ... የጆቡን ነገር ግን አታንሱት፣ ኦኬ?»

«ካልተጠየቅሁ አላነሳም።»

«ቢጠየቁስ?»

«የተለጠፈ ጎማ ስሸጥ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ።»

ያውቃል። የተለጠፈውን በነጭ ጠመኔ እከብበዋለሁ፤ ገዥው አይቶ ይግዛ። ልጁ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። መስኮቱ ተዘግቶ ነበር። አሥራ ሦስት ሰዓት ሙሉ የተዘጋ መስኮት ሲያይ ሄደ።

አባቷ ቤታቸው አልጠሩንም። «ሥራ ቦታዬ ይምጡ» ነው ያሉት። ይሄ ገና ከመነሻው አላማረኝም። ሊሰጥ ያሰበ ሰው ቤቱን ይከፍታል፤ ሥራ ቦታው የሚጠራህ፣ ሰዓት ሲያልቅ ሊያሰናብትህ ነው። ልጅቷ ባቡር ጣቢያ ተቀበለችን፤ ለልጁ እጇን አልሰጠችውም፣ አየችው ብቻ። እሱ ግን የባንክ ካዝና የተከፈተለት ይመስል አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሥራ ቦታቸው ባሕሩ ዳር ያለ ትልቅ መጋዘን ነው። ከውጭ ሲያዩት ጎማ የሚከማችበት ይመስላል። ውስጡ ግን ሰው ከፍሎ የሚያየው ኤግዚቢሽን ነው፤ ጨለማ ነው፣ በጨለማው መሐል ደግሞ ዓለም በሙሉ ተሠርቶ ተቀምጧል። ከተማ፣ ተራራ፣ ወደብ፣ ባቡር፣ ሁሉም በጠረጴዛ ቁመት። ሰዎቹ የጣት ጥፍር አያህሉም። የምትጣላ ሴት አለች፣ ጃንጥላው የተገለበጠበት ሰውዬ አለ፣ ጣሪያ ላይ ልብስ የሚያሰጡ አሉ። በአውሮፕላን ማረፊያው አውሮፕላኖቹ ተንደርድረው ይነሱና ግድግዳው ውስጥ ገብተው ይጠፋሉ። በየአሥር ደቂቃው ገደማ ጣሪያው ላይ ያለው መብራት ይደበዝዝና ከተማው ይመሻል፤ መስኮቶቹ አንድ በአንድ ይበራሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ይነጋል።

አባቷ ከአንድ ተራራ ጀርባ ባለች ትንሽ በር ወጡ። ቀጭን ሰው ናቸው። ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሰዋል፣ ከሥሩ ግን ነጭ ሸሚዝና ክራቫት አለ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት እውነተኛ ባቡር መሥሪያ ቤት የምልክት መብራት ሲጠግኑ ነው፤ ጡረታ ሲወጡ እዚህ ገብተው የጥፍር ያህሉን መብራት ይጠግናሉ። አጎንብሰው ሰላም አሉኝ። እኔም አጎነበስኩ። ቀና ስል እሳቸው ገና ታች ናቸው፣ ስለዚህ ተመለስኩ።

ጥግ ላይ ወዳለች የሠራተኞች ጠረጴዛ ወሰዱን። አራት ወንበር፣ አራት የሻይ ጽዋ። በእጃቸው አመለከቱኝ። እኔ አልተቀመጥኩም።

«ጋሼ፣ ተቀመጡ እያለ ነው።»

«ገብቶኛል። የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም እንደማልቀመጥ ንገራቸው።»

«ጋሼ፣ ፕሊስ። ማለቴ፣ እዚህ አገር እንደዛ አይሠራም።»

«ንገራቸው።»

ነገረ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ቆሞ ሲቀር ባለቤቱ ይጨነቃል፣ ኧረ ይቀመጡ ብሎ ይለምናል፣ ያን ጊዜ እንግዲያው እሺ ይበሉን ይባላል። ወንበር ማለት ግማሽ እሺታ ነው። ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። ሰውየው ለመቀመጥ ጎንበስ ብለው ነበር፣ ነገሩ ሲተረጎምላቸው ተመልሰው ቀጥ አሉ። እንግዳ ቆሞ እሳቸው አይቀመጡም። ስድሳ ያለፈን ሁለት ሰዎች በአራት ባዶ ወንበር ዙሪያ ቆመን ተያየን። ሻዩ ይጨሳል።

«እንግዲያው እየዞርን እናውራ ይላል» አለኝ ልጁ፤ ድምፁ ከአሁኑ ቀጥኗል።

መዞር ያዝን። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ ልጁ በእንግሊዝኛ ለልጅቷ ይነግራታል፣ እሷ በጃፓንኛ ለአባቷ። መልሱ በዚያው መንገድ ይመለሳል። አንድ ቃል ደርሶ እስኪመጣ ጣቢያው ሁለት ባቡር ያስተናግዳል።

ወደቡ ጋ ስንደርስ ቆምኩና እጄን አጣምሬ ተናገርኩ። «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን መጥተናል።»

ሰሙ። አንዲት ትንሽ መርከብ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ቆዩ። ከዚያ አጠር ያለ ነገር ተናገሩ። የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ።

«ትንሽ አስቸጋሪ ነው ይላል» አለ ልጁ። «ጋሼ፣ አለቀ። እዚህ አስቸጋሪ ነው ከተባለ ኖ ማለት ነው፣ እሷ ነግራኛለች።»

«ዝም በል፣ ደግሞ ፊትህን አስተካክል። መርካቶ አያዋጣኝም ያለኝ ሁሉ ሸጦልኛል።»

እንዲህ አልኩት እንጂ እኔም ሰግቻለሁ። ነገሩን ለማለዘብ የሚመሰገን ነገር ፈለግሁ። ችግሩ፣ ዓይኔ የትም ቢሄድ የሚያርፈው ጎማ ላይ ነው። ተራራው ሥር ግንድ የጫነ መኪና ቆሟል፣ የጣቴን ቁመት አያህልም። አየሁትና ለራሴ፣ በአማርኛ፣ «የኋላው ድርብ መሆን ሲገባው ነጠላ ጎማ ነው። ይሄን ሁሉ ግንድ ተሸክሞ በነጠላ ጎማ የት ይደርሳል?» አልኩ።

ልጅቷ ምን አሉ ብላ ጠየቀች። ልጁም ተረጎመላት። ሰባት ወር ሲዋሽ የከረመ ልጅ፣ መዋሸት በሚገባው በዚያች ደቂቃ እውነት ተናገረ።

«ያንን መኪና የሠራው አባቴ ነው» አለች።

አባቷ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ጎንበስ ብለው መኪናውን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከደረት ኪሳቸው ማስታወሻ አውጥተው አንድ ነገር ጻፉ፣ ዘጉት። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ ከጠዋት ጀምሮ ይዘውት የቆዩትን አወጡት።

«የልጁ አባት ለምን አልመጣም?»

ልጅቷ ቀጥላ በራሷ አስረዳች። አባቷ ለሦስት ሳምንት የጠበቁት የልጁን አባት ነው። ክራቫቱ ለሱ ነበር። ሥራ ቦታቸው የጠሩትም ከልጁ አባት ጋር እየሠሩ ሊያወሩ ፈልገው ነው፤ ቤት ሲቀመጡ ወሬ አይሆንላቸውም። በምትኩ አንድ ጎማ ነጋዴ መጣ፣ አልቀመጥም አለ፣ ሥራቸውንም ነቀፈ። የገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጁ ቤተሰብ ልጃቸውን አሳንሷታል።

ሳክሲ ሳሎን ውስጥ በልጁ አባት ላይ ያፈጠጥነው ትዝ አለኝ። ልሂድ ብሎ ነበርኮ።

«እንዳለ ተርጉም» አልኩት ልጁን። «አባቱ ንቆ አልቀረም። እኛ ዘንድ አባት የማይመጣው እርስዎ እምቢ ማለት እንዲችሉ ነው። አባትን ፊት ለፊት እምቢ ቢሉት ቂም ይሆናል፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። እኔን ግን እምቢ ቢሉኝ ጎማ ነጋዴ ነኝ። በቀን አሥር ሰው እምቢ ይለኛል፤ ማታ እራቴን በልቼ እተኛለሁ።»

ቃሉ በሦስት አፍ ተሻግሮ ደረሰ። የሰውየው ከንፈር በአንድ ወገን ትንሽ ተነቃነቀ። ማውራት ጀመሩ፤ ከመጣን ረጅሙ ንግግራቸው ነው። እሳቸውም ያገቡት በአማላጅ ነበር። ጎረቤት የነበረች ሴት። ለእሳቸው የሚስታቸውን ደግ ደጉን ብቻ ነገረች፣ ለሚስታቸውም የእሳቸውን ደግ ደጉን ብቻ። የቀረውን ለማወቅ ስድስት ዓመት ፈጀ፤ ሁለት ጊዜ ሊለያዩ ነበር።

«አንተ ነጋዴ ነህ» አሉኝ። «የዚህን ልጅ ጉድለት ንገረኝ።»

ልጁ ይህን የተረጎመልኝ ወለሉን እያየ ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢመጣ ብዬ ትንንሽ ጉድለቶች አዘጋጅቼ ነበር። ቀጠሮ ያረፍዳል። ሲበሳጭ አይናገርም። የበላበትን ሳህን አያነሳም። ከነዚህ አንዱን ብወረውር እንስቃለን፣ እቀመጣለሁ፣ ነገሩ ያልቃል። ግን አንድ ጊዜ፣ ገና ሱቁን ስከፍት፣ «የተለጠፈ ነው?» ላለኝ ሰው አይደለም ብዬ ሸጬለታለሁ። አውራ ጎዳና ላይ ፈነዳበት፤ ኋላ ወንበር ላይ ልጆች ነበሩ። ማንም አልሞተም። ሰውየው ሱቄ መጥቶ አልጮኸም፣ የተቀደደውን ጎማ ባንኮኒዬ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ካልተጠየቅሁ ዝም እላለሁ። ሲጠይቁኝ ግን መዋሸት አልችልም።

«ከሥራ ከወጣ ሰባት ወሩ ነው» አልኩ። «እኔ ጋ ጎማ ይፈታል። ለልጅዎ አልነገራትም።»

በዚያ ሁሉ ሕንፃ ውስጥ ያልኩት የገባው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ልጁ። እሱም አልተረጎመም።

«ምን አሉ?» አለችው ልጅቷ በእንግሊዝኛ።

«ጋሼ...» አለኝ።

«በል።»

«አልችልም። ጋሼ፣ በእናትህ።»

አንተ አለኝ። ከተወለደ ጀምሮ አንተ ብሎኝ አያውቅም።

«የኔ እንግሊዝኛ ጎማ ለመሸጥ ይበቃል፣ ይሄን ለመናገርም ይበቃል» አልኩት። «ግን ካንተ አፍ ቢወጣ ይሻላታል።»

መብራቱ መደብዘዝ ጀመረ። ከተማው መሸ። መስኮቶቹ በሩ፣ ባቡሩ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ሁለተኛ ዞረ። አባቷ ልጁን ያያሉ፣ ልጅቷ ልጁን ታያለች፣ እኔ የትንሿን ከተማ ጠርዝ ይዤ ጉልበቴን አሳርፋለሁ። እስኪነጋ ጊዜ እሰጠዋለሁ፣ ከነጋ ራሴ እናገራለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ሳይነጋ ተናገረ። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብሎ። ቃል በቃል ተከታተልኩት፤ አንድም አላስቀረም። እንዲያውም እኔ ያልጠቀስኩትን ሸሚዝና ነጭ ግድግዳ ጨመረበት።

አልጮኸችም። አላለቀሰችም። ዞራ አባቷን አየች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ አሁን ተራው የእሷ ነው። የፈለገችውን ለውጣ ብትነግራቸው ከሁለታችን አንዳችንም አናውቅም። ቀጠሮ ያረፍዳል ይላሉ ብትል ያልቃል። ከንፈሯን ሁለት ጊዜ ከፍታ ዘጋች። ከዚያ አራት አምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ተናገረች። አባቷ ወደ ልጁ ዞረው አንድ ጥያቄ ሲጠይቁት ሳትቀንስ እንደነገረቻቸው አወቅሁ።

«በቀን ስንት ጎማ?»

«ሃያ። ሃያ አምስት» አለ ልጁ። «ቅዳሜ እስከ አርባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳይቸኩሉ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሱ፤ ተከተልናቸው። አንድ ወንበር ሳቡልኝና ተናገሩ። ልጅቷ እንደ ዜና አንባቢ በደረቅ ድምፅ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው፣ ልጁ ወደኔ።

«በእኔ በኩል እሺ ይላል። ሥራ ያጣ ሰው አይቻለሁ፣ ሥራ አጥቶ ሥራ ያልፈታ ግን ብዙ አላየሁም ይላል።»

ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ጮኸ። ልጁ ሊስቅ ዳር ዳር ሲል ልጅቷ እጇን አነሳች።

«ይሄ የአባቴ መልስ ነው» አለች፤ ይህን ያለአስተርጓሚ ሰማሁት። «የኔን ገና አልሰጠሁም።»

ቦርሳዋን አንስታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በኩል ሄደች። ልጁ ተከትሏት ሮጠ።

ሁለታችን ቀረን። አስተርጓሚዎቻችን በሙሉ ሄደዋል። ሰውየው የቀዘቀዘውን ሻይ ደፍተው አዲስ ቀዱልኝ። አመሰግናለሁ አልኩ በአማርኛ፤ እሳቸውም በጃፓንኛ የሆነ ነገር አሉ። ከሩቅ ሁለቱን አየናቸው፤ እሷ የሚነሱትን አውሮፕላኖች ታያለች፣ እሱ ከጎኗ ቆሞ እጁን እያወራጨ ያወራል። ከተማው ሦስት ጊዜ መሽቶ ሦስት ጊዜ ነጋ። ሰውየው ማስታወሻቸውን አውጥተው ግንድ የጫነችውን መኪና ሥዕል አሳዩኝና እርሳሱን ሰጡኝ። ድርብ ጎማው እንዴት እንደሚቀመጥ ሣልኩላቸው። ምን ላድርግ፣ ሌላ የምንነጋገርበት ነገር አልነበረንም። ዓይናችን ግን ሁለታችንም እዚያው ማዶ ነበር።

ልጁ ብቻውን ተመለሰ።

«ጋሼ፣ እንሂድ።»

«ምን አለችህ?»

«ሰባት ወር ሙሉ ለአባቴ አንተ ጥሩ ሥራ ላይ ነህ እያልኩ ነግሬዋለሁ አለችኝ። ሶ... አንተን ወክዬ አባቴን ዋሽቻለሁ አለችኝ። ጋሼ፣ ምን ልበላት?»

«ምን አልካት?»

«ሶሪ ነዋ።»

«በቃ?»

«ሌላ ምን አለኝ?»

ሌላ እንደሌለው እኔም አውቃለሁ። አባቷ እስከ በሩ ሸኙን፣ እንደገና አጎነበሱ። ልጅቷ አልሸኘችንም።

ሳክሲ ስንደርስ እናቱ በር ላይ ነበረች። ጫማችንን ሳናወልቅ «ምን አሉ?» አለች። «አባቷ እሺ ብለዋል» ስላት እልልታዋን ለቀቀችው፤ ጎረቤቱ መጋረጃ ገለጠ።

«ቆይ» አልኳት። «አልጨረስኩም።»

የቀረውን ልጁ ራሱ ነገራት። አባትየው ሰምቶ ወደኔ ዞረ። «እኔ ብሄድ ኖሮ?» አለኝ። ጃፓን ልሂድ ያለውን ሰው ካስቀሩት አንዱ እኔ ነኝ፣ እሱም ያውቃል፤ ግን ደግሞ እሱ ቢሄድ የልጁን ጉድለት ይናገር ነበር ወይ ብዬ አሰብኩና ይህንንም ለራሴ ያዝኩት።

ከዚያ ወዲህ አራት ወር አልፏል። ልጁ እሑድ እሑድ ይደውላል። ታነሳለች። አየሩ እንዴት ነው፣ አባቴ ደኅና ነው፣ ሥራ አለብኝ ትላለች፣ ትዘጋለች። ቃለ መጠይቅ ሁለት ቦታ ሄዶ አንዱ ጋ እየጠበቀ ነው፤ ይህንንም በሄደበት ቀን ነግሯታል። «ጥሩ» አለችው። ከዚያ ሌላ አልጨመረችም።

እስከ ዛሬ ያለው ሒሳብ ይህ ነው። የአባቷ ቃል አለ። የእሷ የለም።